ቲቪ ቴሌቪዥን አይደለም፦ ስለ ካሜራ ሞዶች ከሐዋሳ የተነሣ አንድ ጥያቄና 24 ምላሾቹ

ጥያቄውን በአንድ የኢንተርኔት የፎቶ ውይይት መድረክ ላይ ያቀረበችው ሐዋሳ የምትኖር የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። ካኖን 2000ዲ የተባለውን ካሜራ ከ18–55 ሚሊሜትር ሌንሱ ጋር ያገለገለ ገዝታ፣ በሁለት ወር ውስጥ የሞድ (የአነሣስ ዘዴ) ማዞሪያውን ከአረንጓዴው አውቶ ምልክት አንድም ቀን እንዳላንቀሳቀሰችው ሳትደብቅ ጻፈች። ማዞሪያው ላይ ካሉት ፊደሎች መካከል ቲቪ የሚለውን ለቴሌቪዥን የሚሆን ቀረጻ መስሏት አልነካችውም፤ ኤም የሚለውን ደግሞ አንድ የምታውቀው ሰው ያለ እርሱ ፎቶ አንሺ መሆን እንደማይቻል ስለነገራት ፈርታዋለች። ፒ እና ኤቪም አሉ። ከየትኛው መጀመር እንደሚሻላት ጠየቀች።

ሦስት ፎቶዎች አያይዛ ነበር። የመጀመሪያው አሞራ ገደል ላይ፣ ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን በሚያራግፉበት ማለዳ የተነሣ ነው፤ አንድ አባ ኮዳ ከመሬት ሲነሣ ሰውነቱ ይታያል፣ ክንፎቹ ግን ጭስ መስለዋል። ሁለተኛው እናቷ ነጠላ ለብሰው በቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ የቆሙበት ነው። ክፈፉን ከሞላ ጎደል የሸፈነው ነጠላ አመድማ ሆኖ፣ የእናትየው ፊት ጠቁሮ ወጥቷል። ሦስተኛው ፎቶ ማታ በሐይቁ ዳር የተሰበሰበ ቤተሰብ ያሳያል፤ ፊቶቹ ዱቄት የተነፋባቸው ይመስላሉ፣ ከኋላ መኖር የነበረበት ሐይቅ ደግሞ የለም፣ ጥቁር ግድግዳ ብቻ ነው።

ምላሽ 1 ከአንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመጣ ሲሆን እጅግ ትሑት ነበር። እንኳን ደስ ያለሽ ብሎ ከጀመረ በኋላ፣ በካኖን ካሜራዎች ላይ ቲ ጊዜን፣ ኤ የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት እንደሚያመለክቱና ቲቪ ከቴሌቪዥን ጋር ምንም ዝምድና እንደሌለው አስረዳ። በቲቪ ሹተሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ፣ ለምን ያህል ጊዜ ክፍት እንደሚቆይ ሰው ይወስናል፣ ካሜራው ቀዳዳውን ያመቻቻል፤ በኤቪ ነገሩ ይገለበጣል። በፒ ሁለቱንም ካሜራው ይመርጣል፤ ሆኖም የብርሃን ስሜቱን መጠን ማለትም አይኤስኦን፣ ፍላሹንና የማብራት ወይም የማጨለም ማስተካከያውን ለሰው ይተዋል። በአረንጓዴው አውቶ እነዚህም አይነኩም። ስለዚህ አጀማመሯ ከአረንጓዴው ወደ ፒ አንድ እርምጃ መሻገር እንዲሆን መከራት።

ምላሽ 2 የቀዳዳው ቁጥር ሁልጊዜ ጀማሪን እንደሚያሳስት በማስታወስ ምላሽ 1 ላይ አከለ፤ ኤፍ 4 ከኤፍ 16 የሚሰፋው ቁጥሩ አካፋይ ስለሆነ ነው። አንድ እንጀራ ለ4 ሰው ሲቆረስ የሚደርሰው ለ16 ሲቆረስ ከሚደርሰው ይበልጣል። ይህን ምሳሌ ከዚያ ወዲህ እኔም ለሰው ስነግር ኖሬያለሁ፤ ባለቤቱ ማን እንደሆነ እነሆ አሳውቄያለሁ። ምላሽ 3 ካሜራውን ሽጣ ደህና ስልክ እንድትገዛ በአንድ ዐረፍተ ነገር አዘዛት። ምላሽ 4 ደግሞ ያልተጠየቀውን ስለመለሰ በሌላ አንድ ዐረፍተ ነገር ገሠጸው።

ክሩ፣ ማለትም የምላሾቹ ሰንሰለት፣ መሞቅ የጀመረው በምላሽ 5 ነው። ጸሐፊው ፎቶ ማንሣትን ራሱን በራሱ ያስተማረ ወጣት ሲሆን፣ ከኤም፣ ማለትም ጊዜውንም ቀዳዳውንም ሰው ራሱ ከሚመርጥበት ሞድ፣ ውጭ ባሉት የሚያነሣ ሰው ካሜራውን የተሸከመ እንጂ ፎቶ ያነሣ እንዳልሆነ በእርግጠኝነት ጻፈ። ጀማሪ ከመጀመሪያው ቀን ኤም ላይ ቢያቆመው፣ በእይታ መስኮቱ ውስጥ የምትታየው የብርሃን መለኪያ አመልካች ወደ መካከል እስክትመጣ ቁጥሮቹን ቢያዟዙር፣ በአንድ ወር ሁሉንም እንደሚያውቅ ቃል ገባ። የእናትየው ፊት የጠቆረውም በአውቶ ስለተነሣ ብቻ መሆኑን አስረግጦ ተናገረ። ይህን አስተያየት ልብ በሉልኝ፤ የክሩ ክርክር ሁሉ የሚዞረው በእርሱ ላይ ነው።

ምላሽ 6 የእኔ ነው፣ ስሕተቱም የእኔ ነው። ነጠላው ነጭ ነው፣ ነጭ ብርሃን ያበዛል፣ ስለዚህ ወደ ፒ ሄዳ የማስተካከያውን ቁልፍ ወደ ቅነሳ ብትወስደው ይሻላል ብዬ መከርኩ። ጽፌ ስጨርስ በራሴ ኮርቼ ነበር።

በስቱዲዮ የምትሠራ አንዲት ባለሙያ በምላሽ 7 አፈረሰችኝ። አነጋገሯ ስለታም ነበር፤ ፎቶውን እንኳ ሳላይ መጻፌን ከነጠላው ግራጫነት መረዳት እንደሚቻል ገለጸች። ካሜራ ነጭና ጥቁር መሆኑን አያውቅም፤ የብርሃን መለኪያው ከፊቱ ያለው ሁሉ ሲደባለቅ መካከለኛ ግራጫ እንደሚሆን፣ ማለትም ከሚያርፍበት ብርሃን 18 በመቶ ያህሉን እንደሚመልስ ገምቶ ነው የሚሠራው። ክፈፉን ነጭ ነጠላ ሲሞላው ብርሃን የበዛ መስሎት ያጨልማል፤ ነጠላው ወደ ግራጫ ይወርዳል፣ የሰውየውም ፊት አብሮት ይወርዳል። መድኃኒቱ እኔ ካልኩት ተቃራኒ ነው፦ አንድ እርከን መጨመር፣ ማለትም ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ። በ2000ዲ ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ተጭኖ ይዞ ከፊት ያለውን ጎማ ወደ መደመር ማዞር ይበቃል፤ ይህም በፒ፣ በቲቪና በኤቪ ይሠራል። ጥቁር ልብስ፣ ጥቁር ግድግዳ፣ ጥቁር ላም ክፈፉን ሲሞላ ደግሞ ካሜራው ያለ ልክ ስለሚያበራ መቀነስ ያስፈልጋል። ደጋግሜ አነበብኩት፤ ይቅርታ ጠየቅሁ። እርሷም ይቅርታዬን ሳትቀበል ወደ ሥራዋ የሄደች ይመስለኛል።

ምላሽ 8 እስካሁን ማንም ያልጠየቀውን ጠየቀ፤ ፎቶዎቹ በምን ቁጥር እንደተነሡ ካሜራው ራሱ መዝግቦ ስለሚይዝ፣ ምስሉን ከፍታ የመረጃ ቁልፉን እየተጫነች እንድታይ ነገራት። መምህርቷ በምላሽ 9 አመጣችው። አባ ኮዳው በ1/60 ሰከንድ፣ በኤፍ 5.6 እና በአይኤስኦ 400፤ እናቷ በ1/250፣ በኤፍ 8 እና በ100፤ የማታው ደግሞ በ1/60፣ በኤፍ 4፣ በ800 እና በፍላሽ። ከዚህ በኋላ ወሬው መልክ ያዘ፤ ሰው ስለ ሞድ በደፈናው መከራከሩን ትቶ ስለ ሦስት ፎቶዎች መነጋገር ቻለ።

ምላሽ 10 አባ ኮዳውን ብቻ ይዞ ረዥም ስሌት አቀረበ። ሲዘረጋ ከ2 ሜትር በላይ የሚሆን ክንፍ በ1/60 ሰከንድ ውስጥ ብዙ ቦታ ያካልላል፤ እንዲቆም ከተፈለገ ማዞሪያውን ቲቪ ላይ አድርጎ 1/1000 መምረጥ ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ ከ1/60 ወደ 1/1000 መውጣት ብርሃኑን አራት ጊዜ በግማሽ መቀነስ ማለት ነው። ሌንሱ 55 ሚሊሜትር ላይ ሲሳብ ከኤፍ 5.6 በላይ ስለማይሰፋ ካሜራው ከቀዳዳው የሚጨምረው የለውም፤ በቲቪ ላይ ሳለ የ5.6 ቁጥር ብልጭ ድርግም ማለት ከጀመረ ብርሃን አልበቃኝም እያለ ነው። የቀረው አይኤስኦን ከ400 ወደ 800፣ ወደ 1600፣ ወደ 3200፣ ከዚያም ወደ 6400 ማሳደግ ሲሆን፣ እርሱም የዚህ ካሜራ መደበኛ ጣሪያ ነው፤ ፎቶውም አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። ስለዚህ ሞድ መቀየሩ ለብቻው አይበቃም፣ ሰዓትም መቀየር አለበት። ከማለዳው 12 ሰዓት ተኩል ይልቅ ፀሐይ ከፍ ስትል 2 ሰዓት ላይ ብትመጣ፣ ዓሣው ገና እየተበለተ ስለሚሆን አባ ኮዳዎቹም የትም አይሄዱም።

ምላሽ 11 ከምላሽ 10 ጋር በሁሉም ተስማምቶ አንድ ነገር ብቻ አረመ፤ አባ ኮዳ ከባድ ወፍ በመሆኑ ክንፉን የሚያርገበግበው በዝግታ ነው፣ 1/500 ይበቃዋል። 1/1000 በውኃው ላይ ተወርውራ ለምትጠልቅ ትንሽ ዓሣ አጥማጅ ወፍ ይቀመጥላት። ይህ እርማት በቁጥር ሲታይ ትንሽ ቢመስልም አይኤስኦውን ከ6400 ወደ 3200 ያወርደዋል።

ከምላሽ 12 እስከ 14 ያለው ውዝግብ አሁን ሳስታውሰው ያስቀኛል። አንዱ ኤ አውቶ መሆኑን ተናገረ፤ ሌላዋ ኤ የቀዳዳ መምረጫ እንጂ አውቶ አለመሆኑን በቁጣ መለሰች፤ የመጀመሪያው የራሱን ካሜራ ፎቶ አንሥቶ ለጠፈ። ሁለቱም ዓይናቸው ያየውን ነው የተናገሩት። በካኖኑ ማዞሪያ ላይ ኤ የመደመር ምልክት ይዞ አውቶ ነው፤ በኒኮንና በሶኒ ግን ኤ ካኖን ኤቪ የሚለው ራሱ ሲሆን፣ ቲቪ የተባለውም እዚያ ኤስ ይባላል። የካሜራውን ስም ሳይጠሩ ስለ ፊደል መከራከር በሁለት ቋንቋ እንደ መጨቃጨቅ ነው።

ምላሽ 15 ከሠርግ ፎቶ አንሺ የመጣ ሲሆን ምላሽ 5ን በቀጥታ ይመለከታል። ጸሐፊው ቅዳሜና እሑድ ከሙሽሪት ቤት ሳሎን ወደ ግቢው ድንኳን፣ ከድንኳኑ ወደ ሐይቁ ዳር ፀሐይ፣ ከዚያ ወደ አዳራሽ ሲሯሯጥ እንደሚውል ገለጸ። ሙሽራው ከበሩ ሲወጣ ከጥላ ወደ ፀሐይ የሚሻገረው በሁለት እርምጃ ነው፤ በዚያች ቅጽበት ኤም ላይ ሆኖ ቁጥር የሚያዟዙር ሰው የሚያነሣው የሙሽራውን ጀርባ ይሆናል። እርሱ በኤቪ ቀዳዳውን ኤፍ 2.8 ወይም 4 ላይ ያቆማል፣ አይኤስኦውን አውቶ ያደርጋል፣ አውራ ጣቱንም ከመደመርና መቀነስ ማስተካከያው ላይ አያነሣም። ኤምን የሚጠቀመው ብርሃኑ በእጁ ሲሆን ነው፦ በስቱዲዮ መብራት፣ ካሜራው በትራይፖድ ላይ ሲቆም፣ ወይም ተያይዘው አንድ ሰፊ ምስል የሚሆኑ ፎቶዎችን ከታቦር ተራራ ላይ ሆኖ ተራ በተራ ሲያነሣ፤ በዚያ ጊዜ የአንዱ ብርሃን ከሌላው ቢለይ ስፌቱ ይታወቃልና። ምላሽ 5ን የጻፈው ወጣት በምላሽ 16 ተመልሶ፣ ገንዘብ የሚያገኝበትን ሥራ እንደ ጥበብ መቁጠር የሠርግ ፎቶ አንሺዎች አመል መሆኑን ጻፈ። ይህ መስመር ያለፈ ነበር፤ የሠርግ ፎቶ አንሺውም ሳይመልስለት ቀረ።

ምላሽ 17ን የጻፉት ዕድሜያቸው የገፋ፣ ቀድሞ ስቱዲዮ የነበራቸው ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እያልን ነው የምንጠራቸው። ወጣቱን ልጄ ብለው ጀመሩና ስለ ዜኒት ካሜራቸው ተረኩ። ዜኒት ኢ የሶቪየት ሥሪት ነው፤ የሹተሩ ፍጥነቶች 1/30፣ 1/60፣ 1/125፣ 1/250 እና 1/500 ሰከንድ ሲሆኑ፣ ጣት እስከተጫነ ድረስ ክፍት የሚቆይበት ቢ ብቻ ይጨመርበታል። ፊደል የለም፣ አውቶ የለም። የብርሃን መለኪያዋ መርፌ ላይ ክቧን ያጋጥማሉ፣ ቁጥሩን ያነባሉ፣ በእጃቸው ወደ ሌንሱ ይወስዱታል። ስለዚህ ጋሼ ኤም የሚለውን ስም ሳያውቁ ከ20 ዓመት በላይ በኤም ሠርተዋል። መርፌዋን አምነው የመጀመሪያዋን ሙሽራ ከነቬሎዋ ያነሡ ጊዜ ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ ቬሎው የታጠበ ከሰል መስሎ፣ የሙሽሪት ፊት ጠፍቶ አገኙት። የዘመዶቿን ፊት ማየት ከብዷቸው እንደነበር ጻፉ። ከዚያ በኋላ ነጭ ሲበዛ ከመርፌዋ አንድ ቁጥር አልፈው ይከፍቱ ነበር።

ቀጥሎ ያነሡትን ነጥብ ከእርሳቸው በተሻለ ያስረዳ አላገኘሁም። በኤም ላይ ሆኖ አመልካቿን ወደ መካከል የሚያመጣ ሰው፣ ፒ በአንዲት ቅጽበት የሚሠራውን ሥራ በእጁ እየዘገየ ሠራ እንጂ ከካሜራው የተለየ ውሳኔ አልወሰነም። መለኪያው ያው ነው፤ ያው ግራጫ ግምት ነው፤ የመምህርቷ እናት ፊት በኤምም ልክ እንደዚያው ይጠቁር ነበር። ኤም ትርጉም የሚያገኘው አመልካቿ መካከል ላይ እንዳትቆም ሆን ተብሎ ሲወሰን ነው፤ ያን ውሳኔ ደግሞ በፒም በመደመር ቁልፉ ማድረግ ይቻላል። ጋሼ ሌላም ነገር አከሉ፤ ካኖን በ1976 ኤኢ-1ን ሲያወጣ ፍጥነቱን ሰው መርጦ ቀዳዳውን ካሜራው ይመርጥ ነበር፣ በ1978 የወጣው ኤ-1 ደግሞ ፕሮግራም የሚባለውን (ፒን) ጨምሮ ዛሬ ማዞሪያው ላይ የምናያቸውን ሞዶች ይዞ መጣ። እነዚያን ካሜራዎች የገዙት ሥራ የሚበዛባቸው ባለሙያዎችም ጭምር እንደነበሩና ማንም ሰነፍ እንዳላላቸው አስታወሱ። ወጣቱ ይህን ሲያነብ ምን እንዳሰበ አላውቅም፤ ሆኖም ምላሹን በአክብሮት ምልክት ተቀብሎታል።

የማታው ፎቶ እስከ ምላሽ 18 ድረስ ተረስቶ ነበር። ምላሹን የጻፈችው ያችው የስቱዲዮ ባለሙያ ናት። በካሜራው ላይ ያለው ፍላሽ የሚደርሰው ጥቂት ሜትር ብቻ ነው፤ ሐይቁን ሊያበራ አይችልም። ሐይቁና ከማዶ ያለው የሰማይ ቀሪ ብርሃን በፎቶው እንዲገቡ ሹተሩ ረዘም ላለ ጊዜ ተከፍቶ መቆየት ነበረበት፤ አውቶው ግን ፍላሹን ሲያወጣ 1/60 ላይ ቆሟል። በካኖን ላይ ፍላሹን አንሥቶ ማዞሪያውን ፒ ላይ ማድረግና ኤቪ ላይ ማድረግ ልዩነቱ እዚህ ላይ ይታያል፤ በፒ ካሜራው እጅ እንዳይንቀጠቀጥ ብሎ ፍጥነቱን ከ1/60 በታች አያወርድም፣ በኤቪ ግን ፍላሹ ለሰዎቹ፣ ረዥሙ ጊዜ ለኋላው እንዲሆን ግማሽ ሰከንድም ቢሆን ይከፍታል። እንግዲህ ካሜራውን በአጥር ወይም በወንበር መደገፍ፣ ሰዎቹም ፍላሹ ከበራ በኋላ ትንሽ ሳይንቀሳቀሱ እንዲቆዩ መንገር ግድ ነው።

ምላሽ 19 በኒኮኑ ይህንኑ ሞክሮ ሐይቁ ጥቁር ሆኖ እንደቀረበት በመግለጽ የምላሽ 18ን ጸሐፊ ያልሞከረችውን የምታስተምር አድርጎ አቀረባት። ምላሽ 20 ሁለቱንም አስታረቀ። ኒኮን በኤም ሆነ በኤስ ሳይሆን በፒና በኤ ሲሆን ፍላሹ ሲወጣ በራሱ ከ1/60 በታች አይወርድም፤ የፍላሹን ቁልፍ ተጭኖ ዘገምተኛውን የፍላሽ ዓይነት መምረጥ ያስፈልጋል። የባለሙያዋ ምክር ለካኖን ትክክል ነበር፣ ጠያቂዋም የያዘችው ካኖን ነው።

ከዚያ ወሬው ወደ አሞራ ገደል ሰዎች ዞረ። ምላሽ 21 ዓሣ አጥማጆችን ሰላም ሳይሉ፣ ሳያስፈቅዱ ፊታቸው ላይ ሌንስ የሚደቅኑ ጎብኚዎች ስለበዙ ሰዎቹ መሰላቸታቸውን ጻፈ፤ ቆሮሶ የተባለውን ዓሣ በመግዛት ቢጀመር ሁሉም ነገር እንደሚቀል መከረ። ምላሽ 22 እዚያው ዛፎቹ ላይ ያሉትን ጉሬዛዎች አነሣና ነገሩን ወደ ቦታው መለሰው። ጉሬዛ ጥቁርም ነጭም ነው፤ በቅጠል ጥላ ውስጥ ጥቁር ጀርባው ክፈፉን ሲሞላ ካሜራው ያበራና ነጭ ጭራው ዝርዝሩን አጥቶ ወረቀት ይመስላል፤ በዚህ ጊዜ እንደ ነጠላው መጨመር ሳይሆን ሁለት ሦስተኛ እርከን መቀነስ ነው። ምላሽ 7ን በምሳሌ አጸና ማለት ነው፤ የእኔን ምላሽ 6 ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ ቀበረው።

መምህርቷ ከዘጠኝ ቀን በኋላ በምላሽ 23 ተመለሰች። ለሁሉም ከነቁጥራቸው አመስግና፣ ጋሼን ለይታ እጅ ነሥታ፣ ሦስት አዲስ ፎቶዎች ለጠፈች። አባ ኮዳው በ2 ሰዓት በቲቪ 1/500 ተነሥቶ የክንፉ ላባዎች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። እናቷ እዚያው ቅጥር ግቢ፣ ያንኑ ነጠላ ለብሰው፣ በፒና በአንድ እርከን ጭማሪ ቆመዋል፤ የነጠላው ጥለት ቀለም ሳይቀር ይለያል፣ ፊታቸውም እንደ ፊታቸው ነው። የማታው ፎቶ ግን በከፊል ብቻ ተሳክቶላታል፤ ሐይቁ ሐምራዊ ሆኖ መጥቷል፣ አዋቂዎቹ ጸንተው ቆመዋል፣ የአምስት ዓመቱ የወንድሟ ልጅ ግን በግማሽ ሰከንዱ ውስጥ ሁለት ራስ አብቅሏል። ይህኛውን እርሷም እኛም ወደድነው።

አዲስ ቅሬታም ነበራት። እናቷን ባነሣች በማግስቱ ወደ አሞራ ገደል ሄዳ በኤቪ 40 ያህል ፎቶ ብታነሣ፣ ጀልባው፣ ዓሣው፣ ሰዉ ሁሉ ነጥቶ ስለወጣ ካሜራው ተበላሽቶ እንደሆነ ጠየቀች። ምላሽ 24 ከሁሉ አጭሩ ነው፤ የጻፉትም ጋሼ ናቸው። ለእናቷ ነጠላ የጨመረችው አንድ እርከን ካሜራው ቢጠፋም እንደማይጠፋ፣ መለኪያውን ወደ ዜሮ መልሳ አንድ ጊዜ እንድታነሣ ነገሯት።